ነጠላ ሰረዝ

ዲያቆን ትንሣኤ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ቢቀመጥም እግሩ አላረፈም። ስምንት ሰዓት ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ለአማካሪው ለአቶ በላይነህ ማስረከብ አለበት፤ አንድ ግራፍ ግን እምቢ ብሎታል። የሠራው የሶላር ቻርጀር ነው። ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌሽን ያገኘው የቮልቴጅ ሞገድና በእጁ የለካው ሞገድ አንድ ግራፍ ላይ ተደርበው ካልታዩ አቶ በላይነህ አይፈርሙም። ካልፈረሙ ምርቃቱ ለከርሞ ነው። አገር ቤት፣ አንበሳሜ ያሉት አባቱ ደግሞ የምርቃቱን በግ ከገዙ ሳምንት አልፏቸዋል።

የሲሙሌሽኑ ሶፍትዌር ቁጥሮቹን በጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ ጊዜው በአንድ በኩል፣ ቮልቱ በሌላ በኩል። ግራፉን የሚስለው ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱ መካከል ኮማ ካላየ አይቀበልም። ትንሣኤ ክፍተቱን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ኮማ ቀየረና ፋይሉን ለግራፉ ሶፍትዌር ሰጠው። ባዶ ሣጥን። አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረ፤ አምስቴም ባዶ ሣጥን። በዚህ መሐል መብራት ሄዶ መጣ፤ መብራት መቼም ሰው ሲጣደፍ ማየት ይወዳል።

ሰባት ከሃያ ሲል ላፕቶፑን አቅፎ በነፋሱ ውስጥ ወደ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሮጠ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ የነበሩት ጸሐፊዋ እትዬ ፈንታነሽ ብቻ ናቸው።

«ምን ሆንህ? ፊትህ አመድ መስሏል» አሉት።

«ይተዉት እትዬ፤ የሞገድ ነገር ነው። እርስዎን ከሞገድ ጋር ምን ያገናኝዎታል?»

እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አማርኛ ሲተይቡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ነጠላ ሰረዝ ነው።»

«አዎ፣ ኮማ ነው።»

«ኮማማ አይደለም! የኛው ነው፤ ሁለት ነጥብ ሆኖ ከላዩ ሰረዝ ያለበት። የፈረንጅ ሶፍትዌር ይሄን የት ያውቀዋል? ኪቦርድህን አማርኛ ላይ ትተኸዋል።»

ትንሣኤ ክው አለ። ጠዋት የምስጋናውን ገጽ በአማርኛ ጽፎ፣ ኪቦርዱን ሳይመልስ ነው ወደ ቁጥሮቹ የገባው። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ያደገ ዓይኑም ያንን ምልክት አምስት ጊዜ አይቶ አንዴም እንግዳ አልሆነበትም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ምልክቱን በኮማ ቀየረው። ሁለቱ ሞገዶች ተደርበው ከች አሉ። እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ማተሚያው እስኪሞቅ እትዬ ፈንታነሽ የምስጋናውን ገጽ በዓይናቸው አለፍ አለፍ አደረጉት። አቶ በላይነህ አሉ፤ ጓደኞቹ አሉ፤ የላቦራቶሪው ዘበኛ ጋሽ ጥላዬ እንኳ አሉ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ደብዳቤውን ሲጽፉለት የኖሩት ሴት ግን የሉም። ማተሚያው ላይ ወረቀት ጨመሩ። ትንሣኤ ግን ዓይናቸውን ተከትሎ የጎደለውን አየ። ለስምንት ስድስት ደቂቃ ይቀራል።

«አንዴ ይጠብቁኝ» አለ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ነጠላ ሰረዝ አደረገ፤ አንድ ስም ጨመረ።

አቶ በላይነህ በሦስት ደቂቃ ስላረፈደ ተቆጡት። ከዚያ ግራፉን ትክ ብለው አይተው ፈረሙ። መልሰው ሊሰጡት ሲሉ የምስጋናው ገጽ ላይ ቆሙና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ፈንታነሽ? የኛዋ ጸሐፊ? እሷን ከሞገድ ጋር ምን ያገናኛታል?»

«እኔም ቅድም እንደዚሁ ብዬ ነበር፣ መምህር» አለ ትንሣኤ።