የሃምሳ ረቡዕ

የሄርሜላ ቤት ስሙ ግሮሰሪ ነው። ድራፍት አለ፤ ወንበሩም የመጠጥ ቤት ወንበር ነው። ሰው የሚመጣው ግን ለሆዱ ነው። ከጎንደርም ከወላይታም ጅጅጋ ተመድቦ የመጣ መምህርና ወታደር ያገሩ ወጥ ሲያምረው እሷ ጋ ይሄዳል። በልቶ፣ አንድ ድራፍት ጠጥቶ፣ አማርሮ ይወጣል። ማማረሩን ለምዳዋለች።

ማሃሙድ ግን አያማርርም። ማሃሙድ የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ሱማሌ፣ ሙስሊም፣ የመንግሥት ሠራተኛ። የሚመጣው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። በጾም ቀን እሷ ቤት ሥጋ አይሠራም። እሱ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ሽሮ ግን ሽሮ ነው። ድስቱም የታወቀ ነው፤ ክዳኑ አረንጓዴ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ የጾም ድስት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከመቀመጡ በፊት ሄርሜላን በሱማሌኛ «አባዮ»፣ እህቴ፣ ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል።

«አባዮ፣ ዛሬ ጾም ነው አይደል?»

«ነው።»

ይቀመጣል። በቃ። «አይደለም» ካለችው ይመለሳል። ሌላ ጠይቋት አያውቅም።

ያን ረቡዕ አጎቱን ይዞ መጣ። አደር ሺሬ ይላቸዋል፤ አደር በሱማሌኛ አጎት ነው። ለጥርስ ሕክምና ከሀርሺን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አምስት ጥርስ ተነቅሎላቸው፣ የማሃሙድ ሚስት የምታቀርበውን የፍየል ሥጋ ሦስት ቀን ሙሉ እያዩት ውለዋል። ልስልስ ያለ ነገር ነው ያማራቸው። የመጠጥ ቤት ደጃፍ በዕድሜያቸው ረግጠው ስለማያውቁ ማሃሙድ በጓሮ በር አስገባቸውና ከዛፉ ሥር፣ ድራፍቱ ከማይታይበት አስቀመጣቸው።

«አባዮ፣ ዛሬ ጾም ነው አይደል?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ!» አለች ሄርሜላ። እጇ ላይ አራት ሳህን ነበር።

ራሷ ጠዋት የቋንጣ ፍርፍር በልታ ነው ከቤቷ የወጣችው። ፋሲካ ካለፈ ገና አሥር ቀኑ ነው፤ ማሃሙድ ከፋሲካ ወዲህ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ ክርስቲያን ሥጋውን ይበላል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አፍ ግን የለመደውን ነው የሚለው።

«ሁለት ሽሮ ለጓሮ!» ብላ ጮኸች።

ወጥ ሠሪዋ ወለተሐና ሽሮውን አወጣች። ሄርሜላ ወስዳ አቀረበች፤ የእጅ ውሃውን ለማሃሙድ ትታለት ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ተመለሰች። መምህር ዘነበ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሄርሜላ፣ ክትፎዬስ? ወይስ በሬው ገና እየተገዛ ነው?»

«ታገስ።»

«ሁለት ወር በሽሮ ቀጥተሽን፣ አሁን ደግሞ ሃምሳው ሳይበላ እንዲያልቅ ነው የምታገሰው?»

ሃምሳ።

ቆማ ቀረች። ወደ ወጥ ቤት ገባች። አረንጓዴ ክዳን ያለው ድስት ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ታጥቦ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«እትዬ፣ ሽሮው በምንድን ነው?»

«በምን ይሆናል? ቦዘና ነዋ! ሥጋዋን ድቅቅ አድርጌ ጨመርኩበት። በሃምሳ ባዶ ሽሮ ላውጣልሽ?»

«ለማሃሙድ እኮ ነው!»

ወለተሐና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ፣ «በላ?» አለች።

«እንጃ።»

«በልቶ ከሆነ ተይው። አይለየውም። ሳያውቅ ቢበላ ደግሞ ምን ኃጢአት አለበት? ብትነግሪው ነው ጉዱ። ነገ ከተማው ‹የክርስቲያን ሥጋ አበላችን› ሲል ምን ልትዪ ነው? ቤትሽን ዘግተሽ ልትሄጂ ነው!»

እውነቷን ነው። ሄርሜላ በመስኮቱ አየች። ማሃሙድ ጎርሶ ያላምጣል። ሽማግሌው እጃቸውን አራግፈው እንጀራ እየቆረሱ ነው።

ሮጠች። ሰበቡን መንገድ ላይ አገኘችው። አሯል ማለት ይበቃል፤ ትሪው ይነሣል፣ ሽማግሌው ይተርፋሉ፣ ማሃሙድም ሳያውቅ ይቀራል። ትሪውን ከሽማግሌው እጅ ሥር ነጠቀችው።

«ምነው?» አለ ማሃሙድ።

«አሯ…»

ማሃሙድ የጎረሰውን ውጦ ቀና ብሎ አያት። «ነው» ስትለው ሁልጊዜ እንደሚያያት ነው ያያት። አሯል ብትለውም ያምናታል።

«አላረረም» አለች። «ሥጋ አለበት። ዛሬ ጾም አይደለም። ተሳስቼ ነው ጾም ነው ያልኩህ።»

ማሃሙድ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ተጉመጠመጠ። ደግሞ ተጉመጠመጠ። ሲመለስ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እኔ ጾማችሁን የት አውቀዋለሁ? አንቺን ነው የማውቀው» ብሏት በጓሮ በር ወጣ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን እየፈለጉ ወደ ኋላ ቀሩ። በወጣትነታቸው ከብት ይነግዱ ስለነበር አማርኛ ያውቃሉ።

«አሯል ልትዪ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ አደር።»

«ያምንሽ ነበር።»

«ያምነኝ ነበር።»

ከዘራቸውን አገኙት። ተከትለውት ወጡ።

ዓርብ ማሃሙድ አልመጣም። በሚቀጥለው ረቡዕ ሄርሜላ አረንጓዴ ክዳኑን ድስት ከምስማሩ አወረደች።

«በሃምሳ የጾም ድስት? ሰው ምን ይላል?» አለች ወለተሐና።

«ይበል።»

ሽሮው ተሠራ። ማንም አልመጣም። ሄርሜላ ቆማ በላችው። ዓርብም እንደዚያው። ዘነበ ደርሶባት ከት ብሎ ሳቀ።

«በሃምሳ መጾም ክልክል ነው እኮ! ንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?»

«ክትፎህን ብላ።»

ከተማው እንደተፈራው ምንም አላለም። አለማለቱም አላስደሰታትም፤ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ዓይኗ ጓሮ በሩ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ረቡዕ በሩ ተንኳኳ። አደር ሺሬ ብቻቸውን ናቸው። ጥርሱ ገና አልተተከለላቸውም።

«አረንጓዴ ክዳኑን ድስት አምጪው» አሉ፤ ሰላም እንኳ ሳይሉ።

አመጣችው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፤ በማንኪያ ገለባበጡ።

«ዛሬ ጾም ነው?»

«አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሥጋ አለ። ይሄን ድስት ግን አልነካውም። ማንኪያውም ለብቻ ነው።»

ተቀመጡ።

«ማሃሙድስ?» አለች።

«ውጪ ባጃጅ ውስጥ ነው። አኩርፎ። ድስቱን እንዳወረድሽ ሰምቶ፣ እርስዎ ገብተው ይዩ አለኝ።»

እጃቸውን ታጠቡ፤ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ሄርሜላ ሳህን የምታነሣ መስላ ቆመች፤ የሚነሣ ሳህን አልነበረም። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ በድዳቸው አላመጡና ዋጡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ፦

«ማሃሙድ! ካላይ! ና እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ!»