ለካፒቴኑ የተጎዘጎዘ ቄጤማ

ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ የኮልፌ ባለጊዜዎች «የሐይቅ ዳር ማኅበር» የሚባል ነገር አቋቋሙ። ሐይቅ የሚሉት የሰፈሩ ነዋሪ ሰርኬ ላሟን የምታጠጣበትን ኩሬ ነው። ውሃው አልቅት ስለሞላበት እንዲጠረግ ሦስት ጊዜ አመልክታለች። ሊቀመንበሩ አቶ ጉልላት ሦስቴም «ይታያል» አሏት።

አንድ ቀን ግን የጣልያን ካፒቴን ዳክዬ ሊያድን እንደሚመጣ ተሰማ፤ ያን ጊዜ ማኅበሩ ነፍስ ዘራ። ጉልላት ሰፈርተኛውን «በፈቃዳችሁ» እያሉ በዱላ ሰበሰቡ፤ እንግዳ ባዶ መሬት አይረግጥም ብለው የኩሬውን ዳር ቄጤማ አሳጨዱና መንገዱን ሁሉ አስጎዘጎዙት። ዳክዬው የሚያድረው እዚያው ቄጤማ ውስጥ መሆኑን ሰርኬ ታውቅ ነበር። ግን ማን ጠይቋት?

ካፒቴኑ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ፤ የተላጨውን ኩሬ ዞሮ ቢያይ አንድ ላባ እንኳ አጣ። ጉልላትን ሰደባቸውና ቄጤማውን እየረገጠ ተመለሰ። እሳቸው ከኋላው አሁንም አጎንብሰው እጅ ይነሳሉ።

ሰርኬ ላሟን እየነዳች ደረሰች።

«አይዘኑ አቶ ጉልላት» አለቻቸው። «ዳክዬው ቢሄድም አልቅቱ አለልዎት። እሱ እንደ ማኅበርዎ ነው፤ የሚጠባው ደም እስካለ ድረስ የትም አይሄድም።»