ያልታሰረው ካቢና

የዛገው ወለል እንደ ደረቀ ቅጠል እየተፍረከረከ ከመኪናው ሆድ ስር ረገፈ። ባቲላሜራው ግራይንደሩን አጥፍቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና የከፈተውን ቀዳዳ አየ። ከፔዳሎቹ ስር መሬት ይታያል። አፍንጫማው አሮጌ የጭነት መኪና በሮቹ ወልቀው፣ ወንበሩ ወጥቶ፣ ጥርሱ እንዳለቀ ሰው አፉን ከፍቶ ቆሟል። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ከግቢው ግድግዳ ስር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። የባቲላሜራው አማት ናቸው፤ የሚስቱ አባት። የተቀመጡበትን ወንበር ከቤታቸው ተሸክመው ነው የመጡት። ከአማቻቸው ግቢ ወንበር ላለመዋስ ይሁን፣ ለወገባቸው ስለሚመቻቸው ይሁን ማንም የተናገረ የለም። እሱ ግን የገባው የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ የበሮቹ ደፍ ነው። ሊቆርጠው ጎንበስ ሲል ከግድግዳው ስር ድምፅ መጣ።

«ሳታስረው ነው እንዴ የምትቆርጠው?»

ባቲላሜራው ቀና አላለም። የካቢና ወለልና ደፍ አንድ ላይ ሲወጣ ምሰሶዎቹን የሚይዛቸው ነገር ስለማይኖር ወደ ውስጥ ይዘምማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በየበሩ ክፍተት ላይ አንድ ቱቦላሬ ብረት አግድም ይበየዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ተቆርጦ ይጣላል። ይህን የማያውቅ ባቲላሜራ የለም። እሱም ጠዋት ሁለት ቱቦላሬ በልክ ቆርጦ ከመሣሪያ ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጦ ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን ባይከፍቱ ኖሮ ይኸኔ እየበየደው ነበር። ከፈቱ። አሁን ቢበይደው በእሳቸው ትእዛዝ የበየደው ሊሆን ነው።

«እኔ እርስዎን መንዳት አስተምሬዎት አውቃለሁ?» አለ።

«አላስተማርከኝም። ግን ይቺ መኪና በየደረስኩበት ስትቀጠቀጥ ነው የኖረችው። ሁሉም ሲያስሩ ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ሁሉም ጋ ይውሰዷት።»

ሁሉም ጋ ወስደዋት እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ያልሄዱበት ጋራዥ የለም። አንዱ «ለአሮጌ ብረት ገዢ ይሽጧት» ብሎ ሸኛቸው፤ ሌላው ሳቀ። ሌላ የሚሞክራት ስለጠፋ ነው እዚህ የመጡት። ሰው የሚፈልግህ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ከሆነ፣ መፈለጉ ራሱ ሌላ ስድብ ነው። ባቲላሜራው ቱቦላሬዎቹን በእግሩ ገፍቶ ግራይንደሩን አስነሳ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ ሽማግሌው በራፋቸው ላይ አቁመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «መጀመሪያ እጅህን ታጥበህ ና» ብለውት ነበር። ታጥቦ ነበር እኮ። በሳሙና፣ በቤንዚን፣ በአሸዋ ፈትጎ ነው የሄደው። የዚህ ሥራ ጥቁረት ግን ከጥፍር ስር የሚወጣው ከጥፍሩ ጋር ነው። ልጅቷ እጁን እንዳለ ወደደችውና አገባችው። አባቷም ከዚያ ወዲህ ቤቷን ረግጠው አያውቁም። ሰው የተሰደበበትን ቀን በጊዜ ብዛት ይረሳል ይባላል፤ እንዲህ የሚሉት ሰዳቢዎቹ ናቸው።

መኪናዋ ለብረት ልትሸጥ ነው መባሉን የሰማች ጊዜ ልጅየዋ ለአባቷ ስልክ ደወለች። ባሌ ይሠራታል አለች፤ ባልየውን ሳትጠይቅ። እሱም አኩርፎ ተቀበለ። ፓራፋንጎዎቹን፣ የካቢናውን ጀርባ፣ የበሮቹን የታች ግማሽ ባለፉት ቀናት አንድ በአንድ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተካ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ከረሙ፤ አንድም ቀን ጥሩ ነው አላሉም። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ አባትና ልጅ ጥላው ስር ጎን ለጎን ይቀመጡና እንደ እንግዳ ሰው ስለ አየሩ ያወራሉ። ትናንት ግን ከአየሩ አልፈው ሄዱ። ሥራው ዛሬ ሲያልቅ አባቷ ራሳቸው እየነዱ፣ እሷን አጠገባቸው አስቀምጠው ቤቷ ሊሄዱ፣ ገብተውም እራት ሊበሉ ተስማሙ። ቀለሙ ቆይቶ ይደርሳል ተባለ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጠዋት ባሏ ጫማውን ሲያስር ከፊቱ ቆማ፣

«ዛሬን ብቻ ዋጠው» አለችው። «ገብቶ እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክህን ትጣላዋለህ።»

«እኔ መች ተጣላሁ?»

«አንተ አትጣላም። ታኮርፋለህ። የተጣላ ይታረቃል።»

የግራው ደፍ ወጣ፤ የቀኙም ወጣ። ካቢናው ምንም አልሆነም፤ ወይም ምንም ያልሆነ መሰለ። ባቲላሜራው በሆዱ፣ አየህ ሽማግሌ፣ አለ። አዲሱን ወለል አስገብቶ ጥግ ጥጉን በነጥብ ብየዳ ያዘው፤ ደፎቹን ሰክቶ ዙሪያውን በየደ። ብየዳው ያማረ ነበር። ንዴት ያለበት ሰው እጁ አንዳንዴ ይሰላል፤ ዓይኑ ነው የሚታወረው። ግቢውን የሚጋራው ጎሚስታ ጎማውን እያንከባለለ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየውና በሹክሹክታ፣

«የናቁት ያስረግዛል ይባላል። አንተ ደግሞ ወለልም ትቀይራለህ» አለው።

ባቲላሜራው ሳያስበው ሳቀ። ሽማግሌው ምን እንዳሳቀው ሊያውቁ አንገታቸውን አስግገው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የግራውን በር ሰቀለ። ልክ ነው። የቀኙን ሰቀለና ገፋው። ከላይ ነከሰ፤ ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። አውልቆ እንደገና ሰቀለው፤ ማጠፊያውን አላልቶ ሞከረ። ያው ነው። ሜትሩን አውጥቶ ክፍተቱን ከጥግ ጥግ ለካውና እንደገና ለካው፤ ሁለተኛው ልክ የመጀመሪያውን የሚያስተባብልለት ይመስል። የፊተኛው ምሰሶ ደፉ በወጣ ጊዜ ወደ ውስጥ ዘሟል። እሱም እንደዘመመ በይዶታል። ያንን ያማረ ብየዳ ያሳረፈው በጠማማ አጥንት ላይ ነው።

ጎሚስታው ሊሄድ እጁን ታጥቦ መጥቶ ነበርና ሜትሩን አየ፤ በሩንም አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንገቷን ደፍታለች እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ጠርዙን ላጥ አድርገው፣ ማጠፊያውን ቀጥቅጠው፣ የቀረውን ስቱኮ ይሸፍነዋል። ሰውዬው እንደሆነ የራሳቸውን ጫማ እንኳ በደንብ አያዩም። ዛሬን እለፋት።»

የቀድሞ አሠሪውም እንዲህ ያደርግ ነበር። እሱ ሌላ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ስቱኮ የተሞላ በር ለባለቤቱ እየሳቁ ሲያስረክቡ አይቷል። ያኔ በሆዱ ይሰድባቸው ነበር። ጎሚስታው ደህና ዋል ብሎ ወጣ። ባቲላሜራው ወደ ግድግዳው አየ። እሳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ለእራት የተዘጋጀ ሰው ሆነው፣ ወደ መንገዱ ያያሉ። ዞር ብሎ የበሩን ጠርዝ ላጠው። ማጠፊያውን በመዶሻ መታው። ከዚያ በሩን ከፍቶ በኃይል ወረወረው፤ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ድምፁን ሲሰሙ ሽማግሌው ተነሡ። ቀስ ብለው በግራ በኩል ወጥተው ለጊዜው በተመለሰው ወንበር ላይ ተቀመጡና መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በእግራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ፤ አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው የብየዳውን መስመር ከጫፍ ጫፍ ዳሰሱት።

«እጅህ ጥሩ ነው» አሉ።

ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ ሲያልማት ኖሯል። ሲያልማት መልሱንም አብሮ ያልም ነበር፤ የሚያዋርድ፣ አጥንት የሚሰብር መልስ። አሁን መጥታ ጆሮው ውስጥ ገባች። እንደ ሌባ ነበር የተቀበላት።

ሽማግሌው አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ ቀጠሉ። «እናቷ ከሞተች በኋላ እሷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት ነበር የምዞር። ጠዋት ጠዋት ስትለፈልፍ፣ ስትዘፍን ትቆያለች፤ ከዚያ እዚያ በሩን ተደግፋ ትተኛለች። አሁንም ታየዋለህ፤ መኪና ከተንቀሳቀሰ አይኗ አይገለጥም።»

ያውቃል። ሚስቱ በአውቶቡስ እንኳ መስኮቱን ተደግፋ ነው የምትተኛው። ሌሊቱን ደግሞ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሽማግሌው ወርደው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ባቲላሜራው በቀኝ በኩል ገብቶ በሩን ዘጋና በትከሻው ተደገፈው፤ ሰው ሲያንቀላፋ የሚደገፈውን ያህል፣ ከዚያ አላስበለጠም። የቁልፉ ምላስ መያዣውን የነካው በጥፍር ስፋት ብቻ ነበር። በሩ ተከፈተ። በእጁ ምሰሶውን ባይዝ ኖሮ መሬት ነበር የሚገኘው። ወደ ግድግዳው ተመለከተ። አላዩትም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«አለቀ?» አለች። ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል። «ሁሉን አዘጋጅቻለሁ። በሩን ቆልፌ ልውጣ?»

አንድ ቃል ነው የሚበቃው። እሺ ካለ ትመጣለች፤ ሽማግሌው ይነዳሉ፤ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ምናልባት ምንም አይሆንም። እሱም እጁ ጥሩ የሆነ ሰው ሆኖ ያመሻል። ነገ ጠዋት በሆነ ሰበብ መኪናዋን ይመልሳትና ማንም ሳያይ ያስተካክላታል። ይህን ሁሉ አሰበ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምንድነው? አባዬ ሄደ?»

ባቲላሜራው ሽማግሌውን አየ። እሳቸውም ስልኩን ስለሰሙ ያዩታል። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላ መሄድም ይችል ነበር። አልሄደም።

«የቀኙ በር ተበላሽቶብኛል» አለ፤ ጮክ ብሎ። «ካቢናውን ሳላስረው ቆረጥኩት። አባትሽ እሰረው ብለውኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ነው። ብየዳውን ቆርጬ ምሰሶውን በክሪክ መልሼ መግፋት አለብኝ። ዛሬ በዚህች መኪና አትሄዱም።»

 ሽማግሌው ሰምተዋል። አሁን የፈለጉትን ሊሉት ይችላሉ። ወንበራቸውን አንሥተው ሊወጡ ይችላሉ፤ ምክንያቱን እሱ ራሱ በእጃቸው አስቀምጦላቸዋል።

«እና አባዬስ?» አለች፤ ድምፅዋ አንሶ። «አሁን ምን እያደረገ ነው?»

ክሪክ የሚያወጣ ሰው ሌላ፣ የበሩን ክፍተት የሚያይ ሰው ሌላ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጎሚስታውም ሄዷል። እርዱኝ ብሎ ፊት ለፊት ለመጠየቅ ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። ዓይኑን ከሽማግሌው ላይ ሳያነሳ ለስልኩ መለሰ።

«እዚሁ ናቸው። ክሪኩን ይዘውልኛል።»

ስልኩን ዘጋ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን በእጃቸው ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉት። የእጅጌያቸውን ቁልፍ እየፈቱ መጡ።

«የቱ ጋ ነው የሚያዘው?» አሉ።

«እዚህ። ቅባት አለው፤ እጅዎ ይቆሽሻል።»

«ይቆሽሻ።»

ባቲላሜራው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ግራይንደሩን አስነሥቶ ገና ያልበረደ ብየዳው ላይ አስገባው።