ያልተቆረጠው ካሴት

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ካቻቢቴውን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ያጸዳሁትን የጌም ካሴት እንደገና በአልኮልና በጥጥ እፈትጋለሁ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ባለፈው ሳምንት ሞቷል፤ እናቴ ግን አታውቅም። የልብ ቀዶ ጥገናዋ ከነገ ወዲያ ነው። ሐኪሟ «ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት» ስላለ ታላቅ ወንድሜ ሁላችንንም በስልክ ሰብስቦ አፋችንን አስዘጋን። «ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም በሏት» አለ። እሱ ምን አለበት! የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ሥራችን አሮጌ የቪዲዮ ጌም መሸጥ ነው። «ሥራችን» የምለው ያለ እናቴ ስለማይሄድ ነው። እኔ ከየሰዉ ጓዳና ከየቁም ሳጥኑ ሥር የተረሱ ካሴቶችን ገዝቼ አጸዳለሁ፣ እጠግናለሁ፤ እሷ ትሞክራቸዋለች። መሞከር ስል ከፍቶ መዝጋት አይደለም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ እናቴ እስከ መጨረሻው ተጫውታ ያልጨረሰችው ካሴት ከዚህ ቤት አይወጣም። ደንበኞቻችን ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት «እናትሽ ጨርሰውታል?» ይላሉ። ከረባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ ሳይቀር ያቃተውን ደረጃ ይዞ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከእሷ ይማራል። «ቀስ በል፣ አውራ ጣትህ ደመወዝ የሚከፈለው አስመሰልከው» እያለች ታሾፍበታለች።

መከራዬ የመጣው ትናንት በደረሰ ጥቅል ነው። ያዘዘው «ኦሪጅናል» የምንለው የድሮ ጌም ሰብሳቢ ደንበኛችን ነው፤ በሰላምታ ፋንታ «ኦሪጅናል ነው?» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። የድሮ ጌሞች ከተሠሩበት አገር ወጥተው ሌላ ቦታ ሊሸጡ ሲሉ ይቆረጡ ነበር። ለልጆች አይሆንም እየተባለ ደሙ ወደ ላብ ይለወጣል፣ ከመቃብሩ ላይ መስቀሉ ይነሳል፣ የሰካራሙ መጠጥ ጭማቂ ይባላል። በአንዱማ ሲጋራውን አጥፍተው እጁን ስለረሱት፣ ሰውዬው እስከ መጨረሻው ባዶ ጣቶቹን ወደ አፉ ሲያመላልስ ይኖራል። ኦሪጅናልና መሰሎቹ እንቅልፍ አጥተው የሚፈልጉት ያልተቆረጠውን ነው።

አሁን የመጣው ደግሞ እናቴ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጌም ያልተቆረጠ ቅጂ ነው። አንዲት ልጅ መድኃኒት ፍለጋ ስትንከራተት አንድ ሽማግሌ ባለ ጀልባ ከወንዝ ወንዝ ያሻግራታል። እኛ ቤት ባለው፣ በተቆረጠው፣ ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ኮፍያውን ደፍቶ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ከጀልባው ላይ እጁን ያውለበልባል። እናቴም ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታውለበልብለታለች። «ደህና ግባ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ባልተቆረጠው ግን ሽማግሌው ይሞታል። አልጋ ላይ ተኝቶ ይታያል፣ ከዚያ ወንዙ ዳር ይቀበራል።

ልደብቀው እንዳልል ጥቅሉን የተቀበለችው ራሷ ናት። «ውይ፣ ሽማግሌዬ! ሽፋኑ እንዴት ያምራል!» ብላ አቅፋዋለች። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ ሁለቱንም ካሴቶች ፈታኋቸው። ጌሙ ያለበትን የኛን ቦርድ አውጥቼ በአዲሱ ካሴት ቀፎ ውስጥ አስገባሁት፣ የመጣውን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ። ኦሪጅናል ከመምጣቱ በፊት እመልሰዋለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ በብልጠቴ ትንሽ ኮራሁ እንኳ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች፤ ካሴቱን አፏ ድረስ አንስታ እፍ አለችበት።

«እማዬ፣ እፍ አትበይበት፣ ያዝገዋል! ስንቴ ልንገርሽ?»

«እፍ ሳይባልበት የሠራ ካሴት አላየሁም» አለችና ከተተችው።

የጌሙ ሙዚቃ ጀመረ። እኔ መስኮት ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ የተደረደሩትን ሣጥኖች እንደገና ደረደርኩ። ሙዚቃው አንድ ቦታ ላይ መደጋገም ሲያበዛ ዞሬ አየኋት። ጣቶቿ አይንቀሳቀሱም።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «ይሄ ከባሕር ማዶ የመጣ ካሴት ጩጩን ከየት ያውቀዋል?»

ቴሌቪዥኑ ላይ «ጩጩ» የሚል ስም በባዕድ ፊደል ተጽፏል። ጩጩ የአጎቴ የልጅነት መጠሪያ ነው፤ ፀጉሩ ከሸበተም በኋላ እሷ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም። ጌም ስም ሲጠይቃት ሁልጊዜ እሱን ታስገባለች። ካሴት ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ደግሞ የተጫዋቹን ስምና የደረሰበትን ቦታ ይዛ ታቆያለች። ባትሪዋ ያለችው ቦርዱ ላይ ነው፤ ቀፎው ቢቀየር አይጠፋም። ይሄን በየቀኑ ለደንበኛ የማስረዳው እኔው ነኝ!

«የኛን ነው የሰጠሽኝ። ያኛው የት አለ?»

«ያው አንድ ናቸው እኮ፣ እማዬ።»

«አንድ ከሆኑ ምን አስቀየረሽ?» መነጽሯን አወለቀች። «ሰውየውን ልታጭበረብሪ ነው? በኔ ስም?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ተቆጥታ፣ ሰድባኝ፣ ያልፋል። ግን ፊቷን ሳየው አቃተኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«አይደለም። መጨረሻው ያስደነግጥሻል ብዬ ነው።»

«እኔን? ዘንዶ ሳርድ የምውለውን ሴትዮ?» ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «አምጪው።»

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ታይዋለሽ።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ፈትቼ መለስኩት። የቀድሞ ባለቤቱ መጨረሻው አጠገብ አቁሞት ስለነበር ብዙ አልተጫወተችም። ሽማግሌው አልጋ ላይ ታየ። ልጅቷ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ወንዙ፣ ጉድጓዱ፣ ባዶው ጀልባ። እናቴ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ግን አላነሳችም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለሞተ ሰው ነዋ ሳውለበልብ የኖርኩት» አለች።

«ጌም እኮ ነው፣ እማዬ።»

ወደኔ አልዞረችም። «ጩጩ የሄደበት አገር፣ ያ ኔትወርክ የሌለው፣ ስሙ ማነው?»

ውኃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ፣ ብርጭቆውን ትቼ መድኃኒቷን አነሳሁ፣ እሱንም መልሼ አስቀመጥኩ።

«ተቀመጪ። ስትዞሪ አዞርሽኝ። መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። ሐኪሙ ነው እኮ...»

«ሐኪሙን ተይው።» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ፈራሁ፤ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጉልበቷን ያዝኩ። «እንዴት ሞተ?»

«በእንቅልፉ። ምንም ሳይሰማው።»

«አንቺም ቆርጠሽ ነው የምትነግሪኝ?»

በሩ ተንኳኳ። «ኦሪጅናል ነው?» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። አንዳችንም አልተነሳንም። ደጋግሞ አንኳኩቶ ሄደ።

«ሆስፒታል ተኝቶ ነበር» አልኳት። እንባዬ መጣ፤ ልከለክለውም አልሞከርኩም። «ካሴት ልገዛ ነው ብዬሽ የወጣሁት እሱ ጋ ነበር።»

«አወቀሽ?»

«አወቀኝ። አንቺን ነበር የሚጠራው። እህቴን አምጧት፣ እህቴን አምጧት ይል ነበር።»

እጄን ከጉልበቷ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምን አላችሁት?»

«መንገድ ላይ ናት፣ ልትደርስ ነው አልነው» አልኩ። «በሩን እያየ ሞተ።»