ለሙት ዓመቱ የተገዛ ፕሮሰሰር

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የወልደየሱስ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ይነሳል። ወልደየሱስ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን መርዶውን የሰማ አይመስልም። ፋኑ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ማቃሰት ሲጀምር ሚስቱ ዘቢደር «መጣ» ብላ ታማትባለች። ልጃቸው ትርሲት «መብራት ሲመጣ እንዲነሳ ያደረገው አባዬ ራሱ ነው» ትላታለች። ትበል እንጂ እሷም ብቻዋን እዚያ ክፍል መግባት አትወድም።

መግባቱ ግን ግድ ሆነባት። ወልደየሱስ ጉሮሮውን ታሞ ሐኪሞች በቀዶ ጥገናው ድምፁ እንደሚሄድ ሲነግሩት፣ ሁለት ወር ሙሉ በሩን ዘግቶ ሲያወራ ከረመ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የቆየው አምስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ለትርሲት በወረቀት «ኮምፒውተሩ ውስጥ አለሁ» ብሎ ጻፈላት። አንድ ጊዜ ከድምፅ ቅጂዎቹ አንዱን ከፍታ «ልጄ» ሲላት ፈርታ ዘጋችው። አሁን ግን ቅጂዎቹን አጽድታ እሁድ፣ በሙት ዓመቱ፣ ለእናቷ ድንገት ልታሰማት አሰበች። አሮጌው ፕሮሰሰር ግን ሥራው ሲበዛበት እየጋለ ድርቅ ስለሚል፣ አዲስ ልትገዛ ወጣች።

ካርቲየ 1 ሱቅ ያላት ሁዳ፣ አማርኛዋን ከደንበኞቿ የለቀመች ሴት፣ ሁለት ፕሮሰሰር አወጣች።

«ይሄ ባለ ስምንት ኮር ነው፤ ይሮጣል፣ ግን እሳት ነው። ባለ ስድስቱ አይግልም። በዚህ ሙቀት፣ ማ ሸሪ፣ የኔ ውድ፣ ባለ ስድስቱ ይበቃሻል። ዲስኩ ግን ተቆልፏል? ከተቆለፈ ቁልፉ አሮጌው ፕሮሰሰር ውስጥ ነው ያለው።»

«አባዬ? የቤቱን በር እንኳ ቆልፎ አያውቅም!»

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ስድስቱን ገጠመችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ በአሮጌው ፕሮሰሰር የተያዘው ቁልፍ ይጥፋ ወይ ይላል። ትርሲት እንደ ማንኛውም ሰው ሳታነብ እሺ አለች። ቀጥሎ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ጠየቃት። አሮጌውን መለሰችው፤ ያው ነው። ሁዳ ጋ ደወለች።

«ቁልፉን አጥፍተሽዋል። ያለ ቁጥሩ አይከፈትም። ወረቀት ላይ አትሞት ይሆናል፣ ፈልጊ።»

መሳቢያውን ዘረገፈች፣ ፍራሹን ገለበጠች። ዘቢደር በሩ ላይ ቆማ «ምን ጠፋሽ?» አለቻት።

«ወረቀት። ስድስት ስድስት ሆኖ የተደረደረ ቁጥር ያለበት።»

ዘቢደር አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«አቃጠልኩት» አለች። «ዳዊቱ ውስጥ አገኘሁት። የደብተራ አስማት መሰለኝ። ምንድን ነው ስለው ‹እኔ ሳልኖር የሚከፍትልሽ ነው› ብሎ ሳቀ። በሩን ዘግቶ ሲያነበንብ የሚደግም መስሎኝ ጆሮዬን ደፈንኩ። ቤቴ ጥንቆላ አስገባህ ብዬ አኮረፍኩት።»

«እስከ መቼ?»

«ድምፁ እስኪሄድ። ከዚያማ ታረቅን፤ በምኑ ያናግረኝ?» ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አነሳች። «ምንድን ነው የሚከፍተው?»

«ድምፁን ነው፣ እማዬ። ሲቀዳ ነበር።»

ዘቢደር በፍርሃት «ለእኔ የተናገረው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ትርሲት ያን ጊዜ ስትከፍተው የፋይሎቹን ዝርዝር አይታዋለች። አርባ አንድ ናቸው። አንዱ ላይ «ትርሲት» ይላል። አርባው ላይ «ዘቢደር»፤ የሚያናግረው ያጣ ሰው አብዛኛውን ቀን ለሚስቱ ሲያወራ ከርሟል።

«የለም» አለች። «ሁሉም ለእኔ ነበር።»

«እሰይ፣ ተመስገን፤ እኔን ሲያናግር አይደለማ ጆሮዬን የደፈንኩት» አለች ዘቢደር፤ እፎይ ብላ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋው ላይ ጋደም አለች።