የጎንና የኋላ ዕርቅ

ጣራ ሠሪው ቁርጭምጭሚቱን የሰበረው ከመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው አናት ላይ ሲራመድ ኖሮ፣ መሬት ሊረግጥ ትንሽ ሲቀረው እግሩ ታጠፈ። ሚስቱ ግን ለጠያቂ ሁሉ «ከሦስተኛ ፎቅ» ትላለች። መውደቅ ካልቀረ ለወጉም ከፍታ ይሻላል።

የሆስፒታሉ አጥንት ክፍል ሁለት አንጋፋ ቀዶ ጠጋኞች ነበሩት። አንዱ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ከጎን ተከፍቶ በብረት ይታሰር ባይ ነው፤ ሌላው ከኋላ፣ በተረከዙ ጅማት በኩል። ነርሶቹ ዶክተር ጎንና ዶክተር ኋላ ይሏቸዋል። ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል፤ በአንድ ሊፍት እንኳ አይሳፈሩም። ሁለቱም መንገዶቹን የሚያወዳድር ጥናት ይዘዋል። የሁለቱም ጥናት ውጤት አስቀድሞ ታውቋል፤ የጎደለው በሽተኛ ብቻ ነው።

ጠዋት ዶክተር ጎን መጣና እብጠቱን በጣቱ ጫን አደረገው።

«ከጎን እንገባለን። አጥንቱ እዚሁ ቆዳው ሥር ነው። ትስማማለህ?»

«እርስዎ ካሉ እኔ ምን እላለሁ፣ ዶክተር።»

ከሰዓት ዶክተር ኋላ መጣና ያንኑ ቦታ ተጫነ።

«ከኋላ የተሰበረች ቁራጭ አለችህ። እሷን ከጎን ለመጠገን መሞከር፣ ጓዳን በመስኮት በኩል እንደ መጥረግ ነው። ከኋላ ነው የሚሻልህ።»

ጣራ ሠሪው ከልቡ ሳቀ። «እውነትዎን ነው ዶክተር፣ እሱ ይሻላል።»

በሩ እንደተዘጋ ሚስቱ ትራሱን ጎትታ አስተካከለች።

«ለሁለቱም እሺ አልክ።»

«ሰው ፊትሽ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል?»

«እግርህን እኮ ነው የጠየቁህ። ሠርግ አልጠሩህም።»

«የተማሩ ናቸው፤ ተነጋግረው ይስማማሉ።»

«እኔና እናትህ ስንጣላም እንዲሁ ነበርክ። ለእኔ ልክ ነሽ፣ ለእሷ ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ያኔ ማን ሞተ?»

«ያኔ እኔም እናትህም ቢላ አልያዝንም።»

ሁለቱ ሐኪሞች «በሽተኛው የእኔ ነው» ተባባሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ነገሩ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ደረሰ። ኃላፊው ጡረታው የደረሰ፣ ጠብ የማይወድ፣ በይሉኝታ ከጣራ ሠሪው የማይተናነስ ሰው ነበር። ፈረደም፦ ሁለቱም በየመንገዳቸው ይግቡ። ዕርቅ ወረደ። እብጠቱ እስኪጎድል መጠበቅ እንደነበረባቸው ሁለቱም አላጡትም፤ ቀድሞ «እንጠብቅ» ያለ ግን የፈራ ይመስላል።

ከወገቡ በታች አደንዝዘው ደረቱ ላይ መጋረጃ ጋረዱበት። አያይም፤ ይሰማል።

«መሐል የሚቀረው ቆዳ ጠበበ። ወደ ጅማቱ ጠጋ በል።»

«እኔ ቦታዬ ላይ ነኝ። አንተ ወደ ፊት ሽሽ።»

«የእኔ መስመር እዚህ ነው።»

«የእኔም እዚህ።»

ጣራ ሠሪው አፉን ከፈተ። «አንዳችሁ ብትበቁኝስ» ሊል ነበር። የትኛውን እንደሚያስቀይም ማሰብ ጀመረ፤ እያሰበ ሳለ መቀሱ ሲንኳኳ ሰማ።

አጥንቱ ባማረ ሁኔታ ገጠመ። ሁለቱም በየተራ የራጁን ፎቶ አንስተው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። በሁለቱ ቁስሎች መሐል የቀረችው ቀጭን ቆዳ ግን ከግራም ከቀኝም ደም ተቋርጦባት መጀመሪያ ገረጣች፣ ከዚያ ጠቆረች፣ ከዚያ ሸተተች። ሚስቱ መስኮት መክፈት አበዛች። ጠረኑን ያነሳ አልነበረም፤ ጠያቂዎች ስለ ፎቁ ብቻ ይጠይቁ ነበር።

ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ሁለቱ ሐኪሞች አብረው መጡ። አልጋው ግርጌ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

«እግሩ ይቆረጣል፤ ከጉልበት በታች» አለ ዶክተር ጎን።

«ከጉልበት በታች» አለ ዶክተር ኋላ። «በዚህ ልዩነት የለንም።»

«ትስማማለህ?»

ጣራ ሠሪው ተራ በተራ አያቸው።

«እምቢ» አለ።

ቃሉ ለአፉ አዲስ ስለሆነ ድምፁ ሰለለ። ሐኪሞቹ ተያዩ። ሚስቱ አንሶላውን ገልጣ ጥቁሩ የት እንደደረሰ አየች፤ መልሳ ሸፈነችው። እጁን ያዘች።

«እሺ በላቸው» አለችው በቀስታ።

እሺ አለ።

ሐኪሞቹ ወጡ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሊፍቱ ሲከፈት፣ ዶክተር ኋላ በሩን በእጁ ይዞ ዶክተር ጎንን አስቀደመው።