የሳል ማር

«ማሩ ነው» አለች አየለች፣ ለሦስተኛ ቀን። «ሚያዝያ ላይ ቀፎው ገና አልደረሰም ነበር፤ ለሳሉ ሳልልክለት ቀረሁ። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ተይ እንዲህ አይባልም አሏት። የልጇ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ሸዋንግዛው ኪሱ ውስጥ ክብሪቱን ማገላበጡን ትቶ መሬት መሬት አየ። የደምሰውን ልብስና መጻሕፍት በቆርቆሮ ሳጥን ይዞ፣ በሰኔ ጭቃ ሦስት ቀን ተንገላቶ ከአዲስ አበባ ጂንካ የገባው፣ መርዶውንም ያስነገረው እሱ ነው። ደምሰውን እዚያው የቀበሩት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ናቸው። ምን ገደለው ሲሉት «የሳንባ ምች» ብሎ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ እውነት ግን ሆዱ ውስጥ ቀርቷል።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሲጋራ የሚያምረውን ሰው እግዜር ይሁነው! ያውም በወንጌል አማኞች ቤት። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩ እንኳ በሹክሹክታ ነው። ሸዋንግዛው በቀን አምስቴ ሽንት ቤት ልሂድ እያለ ከእንሰቱ ኋላ ይሰወራል፤ ሁለት ሦስቴ ስቦ ይረግጠውና እያሳለ ይመለሳል። የፈላውን የቡና ቅጠል በቅል ሲያቀብሉት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እነሱ ኀዘን እየመሰላቸው ከንፈር ይመጡለታል።

ደምሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለስላሳ እንኳ ጸልዮ የሚጠጣ ልጅ ነበር። «አንዴ ሳባት» ብሎ ሲጋራ የሰጠው ሸዋንግዛው ነው። በሁለተኛው ዓመት ልጁ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርስ፣ ያስለውም ጀመር። ለእናቱ የአዲስ አበባ ብርድ ነው ብሎ ጻፈላት። እሷ ምን ታውቃለች? የሳል መድኃኒት ማር ነው ብላ ከቀፎዋ ቆርጣ በጣሳ ላከች። ሸዋንግዛው ደግሞ የናዝሬት ልጅ፣ እናቱም ጠጅ ጣይ ናት፤ ጣሳውን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፣ ጌሾ ገዝቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ከጂንካ የመጣ ማር ሁሉ ከአልጋ ሥር ጀሪካን ውስጥ ጠጅ ሆነ። ጠጁ ሲያልቅ አረቄ ነበር። ግንቦት ላይ ደምሰው ሰክሮ ቦይ ውስጥ ወደቀና ዝናብ ሲወርድበት አደረ። ከዚያ ወዲያ የቆየው አሥር ቀን ነው።

የአየለች ታላቅ ወንድም ጋሽ ሙሴ፣ የምእመናኑ ሽማግሌ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሸዋንግዛው ጠጋ አለ። ተነሥተህ መስክርለት አለው። ከተማ ገብቶ ያልተበላሸ ልጅ እንደነበረ ወጣቶቹ ይስሙ፣ እናቱም ትጽናና። ሸዋንግዛው ኪሱ ውስጥ ክብሪቱን ጨበጠ። ደግ ደጉን ተናግሮ ቢቀመጥ ማን ያውቅበታል? የደምሰው ስም ይተርፋል፤ እሱም ይተርፋል። እሷ ግን ማሩ ማሩ እያለች ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትበላ ልትኖር ነው።

ተነሣ። ደምሰው ትምህርት የከበዳቸውን ተማሪዎች ቁጭ ብሎ ያስጠና እንደነበር፣ ካፖርቱን ለታመመ አውልቆ እንደሰጠ ተናገረ። ይህ እውነት ነበር። ሊቀመጥ ሲል አየለች ቀና አለች።

«ልጄ፣ ማሩ ቢደርስለት ይተርፍ ነበር?»

ሸዋንግዛው ጋሽ ሙሴን አየ፤ እሷን አየ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለ። «አይተርፍም ነበር፣ እናቴ። የላክሽለትን ማር አልበላውም። ጠጅ ጥለን ጠጣነው። ጌሾውን ያመጣሁት እኔ፣ ሲጋራውንም ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ሰክሮ ዝናብ ላይ አድሮ ነው የታመመው። አንቺ ምንም አላደረግሽውም።»

ጋሽ ሙሴ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ሁሉንም?» አለች አየለች።

«ሁሉንም። ጣሳው ሲከፈት ብቻ በጣቱ ይልስና ‹የእማዬ ቀፎ› ይል ነበር።»

አየለች ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሸዋንግዛው እንደሚያባርሩት እርግጠኛ ሆኖ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ በዓይኑ ፈለገ። ያን ጊዜ ሳሉ መጣበት። ጎንበስ ብሎ አሳለ፤ ቶሎም አልተወውም። ቀና ሲል አየለች ፊቱ ቆማለች። በአንድ እጇ ለደምሰው የተቆረጠውን የዘንድሮ ማር በጣሳ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ከፈተ። አጎረሰችውና፣ አገጩን ይዛ እስኪውጥ ጠበቀች።